«በ» የት አለ?

አምና በኅዳር ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከተማሪዎቼ አንዷ የሆነች የ5 ዓመት ልጅ ስለ እርሷ የጻፍኩትን መስመር እንዳነብላት ጠየቀችኝና ዋሸኋት። ውሸቱ ትንሽ ነበር። ከእኔና ከእርሷ በቀር የሰማው የለም፤ ሌላ ሰው ቢሰማውም «ለልጅ እንዲህ ማለት ምን ነውር አለው?» ብሎ የሚያልፈው ዓይነት ነው። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ለትምህርቴ ብዙ ወረቀት ጽፌአለሁ፤ ብዙ ፈተናም ተፈትኜአለሁ። ደብተሬን በከፈትኩ ቁጥር ቀድማ የምትመጣብኝ ግን ያቺ መስመር ናት።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ባለ ሰፈር፣ በአንድ አጸደ ሕፃናት በመምህርነት ስሠራ 9 ዓመት ሆኖኛል። ሥራውን የጀመርኩት በዲፕሎማ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በፊት በሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ዲግሪዬን ለመያዝ በቅዳሜና እሑድ መርሃ ግብር ተመዘገብኩ። ይህ ትምህርት ከመደበኛው የሚለየው በሰዓቱ ብቻ አይደለም። መደበኛው ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሥራ ይገባል፤ እኛ ግን ቅዳሜ የተማርነውን ሰኞ ጠዋት እዚያው ክፍላችን ውስጥ እንድንሞክረው፣ የሞከርነውን እንድንጽፈው፣ የጻፍነውንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘን እንድንቀርብ ይጠበቅብናል። በመሆኑም የሥራ ቦታችን መማሪያችንም ነው። ይህ ትልቅ ዕድል እንደሆነ አምናለሁ፤ አሁንም አልተጸጸትኩም። ነገር ግን የምማርባቸው ሰዎች ገና የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች መሆናቸውን፣ «ተማሪብን» ብለው የፈቀዱልኝ አለመሆናቸውንም፣ ያቺ ልጅ እስክትጠይቀኝ ድረስ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ዕረፍት የሌለው ሳምንት

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ30 ጀምሮ በር ላይ ቆሜ ልጆች እቀበላለሁ። ክፍሌ ኬጂ 2 ነው፤ 34 ልጆች አሉኝ። አንዳንዶቹ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው፤ ሌሎቹ በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ ፈትተው አማርኛን ከእኛ ጋር ነው የሚለማመዱት። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ፍራሻቸው ላይ ሲተኙ 40 ደቂቃ ያህል ጸጥታ አገኛለሁ፤ ሃንድአውቴን የማነበው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ወይም ሌላዋ ውሃ ስትጠይቅ ንባቡ ይቋረጣል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ እኔው ራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። እሑድ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ሳልፍ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማኛል። እናቴ «ልጄ፣ ለእግዜርም አንድ ቀን ተይለት» ትለኛለች፤ የምመልስላት የለኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ የቤቴ ነገር ነው። የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ ማታ አሳይመንቴን ስጽፍ የቤት ሥራውን ከጎኔ ዘርግቶ ይጠብቀኛል፤ ብዙ ጊዜም እርሳሱን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት በእኔ ቤት ተረት አይደለም። ቀን የሰው ልጅ አስተምሬ፣ ማታ ስለ ሰው ልጅ ጽፌ፣ የራሴን ልጅ ደብተር የማየው እርሱ ከተኛ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው አዘኔታ ለመጠየቅ ሳይሆን፣ በሥራ ላይ ሆኖ መማር ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ብቻ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

የትምህርቱን ጣዕም ግን መካድ አልችልም። አንድ ቅዳሜ የሕፃናትን አስተሳሰብ ስላጠናው ስለ ዣን ፒያዤ ተማርን። ልጅ ውሃ ከሰፊ ኩባያ ወደ ቀጭን ብርጭቆ ሲገለበጥ አይቶ «በዛ» የሚልበት ዕድሜ እንዳለ መምህራችን አስረዳን። ሰኞ ጠዋት ኩባያና የሻይ ብርጭቆ ይዤ ክፍሌ ገባሁ። ልጆቹ ብርጭቆው ጫፍ ድረስ ሲሞላ አይተው ባንድ ድምፅ «በዛ!» አሉ፤ መልሼ ወደ ኩባያው ስገለብጠው «አነሰ!» አሉ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነገር በ34 አፍ ሲነገረኝ ቆዳዬን ወረረኝ። ይህን ደስታ ሌላ ዓይነት ትምህርት አይሰጠኝም ነበር።

ያቺ መስመር

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። የተሰጠን ሥራ አንድ ልጅ መርጠን ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ ያህል ያየነውን መመዝገብ ነበር። በመጨረሻም የልጁን ችግር ለይተን፣ መፍትሔ ሞክረን፣ የታየውን ለውጥ በጽሑፍ እናቀርባለን። «የምታሳስባችሁን ልጅ ምረጡ» ተባልን። እኔ ያቺን ልጅ መረጥኩ። ስሟን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ከታሪኩ ይገባል። የመረጥኳት የሰጠኋትን ሥራ ጥላ እየተነሳች መስኮት አጠገብ ሄዳ ስለምትቆም ነበር። ስትጠራ ቶሎ አትሰማም፤ ስትሰማም ቶሎ አትመጣም።

ሰዓቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። የሳምንቱ ፊደላችን «በ» ነበረች፤ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌአታለሁ፤ ልጆቹ ደግሞ በጭቃ እየሠሯት ነው። ረዳቴ ልጆቹን ስትከታተል እኔ ጥግ ላይ ከትንሿ ወንበር ተቀምጬ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እኔም ስሟን ጻፍኩና ቀጠልኩ። መስመሩ ከስሟ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ትኩረቷ አጭር ነው፤ ግትር ናት፤ የጀመረችውን አትጨርስም።»

ቀና ስል ትከሻዬ አጠገብ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየኋትም። በደረቀ ጭቃ የነጣ ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈችና «ይሄ እኔ ነኝ» አለች። ስሟን ከኩባያዋና ቦርሳዋን ከምትሰቅልበት ማንጠልጠያ ላይ ታውቀዋለች።

«አዎ፣ ስምሽ ነው» አልኳት።

«ቲቸር፣ ስለ እኔ ነው የምትጽፊው?»

«አዎ።»

«አንብቢልኝ።»

አየኋት፤ መስመሩንም አየሁት። ከዚያም «ጎበዝ ናት ነው የሚለው» አልኳት።

በክፍላችን ቃል ስንለማመድ ለአንድ ፊደል አንድ ጊዜ ጣት እናሳርፋለን። ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ በአብዛኛው አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ይዞ ስለሚቆም፣ ማንበብ ያልቻለ ልጅ እንኳ የሰማውን ቃል በጣቱ እየቆጠረ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ይችላል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጅቷም ከስሟ ቀጥላ ጣቷን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ እያሳረፈች፣ በጣም በዝግታ፣ «ጎ… በ… ዝ… ና… ት» አለች። ጣቷ «አጭር» የሚለው ቃል «አ» ላይ ቆመ። የቀረውን መስመር ተመለከተችው።

«አለቀ» አለች። «ይሄኛውስ?»

ዝም አልኩ። እርሷ ግን አልተወችውም። ወደ ሰሌዳው ዞራ ትልቋን «በ» አየች፤ ወደ ደብተሬ ተመለሰችና መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ፈለገችው። ከዚያም የጠፋ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ያለ ምንም ክስ፣ «‹በ› የት አለ?» አለችኝ።

በዚያ መስመር ውስጥ «በ» የለም። ማታ ቤት ገብቼ ቆጠርኩት፤ ከስሟ በኋላ 27 ፊደላት አሉ፤ አንዱም «በ» አይደለም። ያን ጊዜ ግን ያልኳት «ሌላ ጊዜ አነብልሻለሁ፤ አሁን ሂጂና ሥራሽን ጨርሺ» ብቻ ነው። «እሺ» ብላ ሄደች። የሄደችውም ወደ ጭቃዋ ሳይሆን ወደ መስኮቷ ነው። ምልከታዬ ሊያበቃ ገና 5 ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ ደብተሬን ዘጋሁት።

ይህች ልጅ የነገርኳትን ቃል ሰማች፤ በድምፅ ከፋፈለችው፤ ከጽሑፉ ጋር አስተያየችው፤ እንዳልገጠመ አወቀች፤ ከዚያም በሌላ መንገድ፣ በምታውቀው አንድ ፊደል፣ ድጋሚ አረጋገጠች። ይህ ሁሉ «ትኩረቷ አጭር ነው» በሚለው ጽሑፌ ላይ ጣቷን አሳርፋ ያደረገችው ነው።

መማር እና መማርበት

አማርኛችን «ተማረ» እና «ተማረበት» የሚሉትን ይለያል። «ተማረበት» ሲባል፣ የተማረበት ነገር መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ የተጎዳ ሰውም ሊሆን ይችላል። አዲስ ፀጉር አስተካካይ በልጅ ራስ ላይ ሲማር ልጁ የተላጨውን ይዞ ይሄዳል። እኔም በዚያ ሳምንት በአንዲት ልጅ ላይ እየተማርኩ እንደሆነ ያወቅኩት፣ የምጽፈውን ጮክ ብዬ ለባለቤቱ ማንበብ ሲያቅተኝ ነው።

መምህር በቀን ስንት ጊዜ «አንቺ ግትር!» እንደሚል አውቃለሁ። ደግ ባይሆንም ከአፍ ወጥቶ ይበተናል። የተጻፈ ነገር ግን ሌላ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለመልካም ነገር፣ ታሪክና ዕውቀት እንዳይጠፋ ሲባል ነው። አንድ ልጅ ላይ የተጻፈ «ግትር» የሚል ቃልም እኮ ይወረሳል። በየዓመቱ መስከረም አዲስ ክፍል ስንረከብ የልጆቹ ፋይል አብሮ ይሰጠናል። ከረጅሙ ሪፖርት ውስጥ ዓይናችን የሚያርፈው እንደ «አስቸጋሪ» ያለች አንዲት ቃል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ምንም ቢያደርግ በዚያች ቃል በኩል እናየዋለን። እኔ የጻፍኳት መስመር ደግሞ ከፋይሉም አልፋ፣ ቅዳሜ ዕለት ልጅቷን አይተዋት በማያውቁ ሰዎች ፊት፣ ከነሙሉ ስሟ ልትነበብ ነበር።

ስህተቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም። ሆኖም ቅጹንም አጥብቄ አስቤበታለሁ። ቅጹ አራት ክፍት ቦታ አለው፤ የታየ ችግር፣ መንስኤ፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ውጤት። ባዶ ቦታ ደግሞ ይሞላል። ችግር የሌለበትን ልጅ የመረጠ ተማሪ የሚጽፈው አይኖረውም፤ ስለዚህ ሁላችንም ችግር ፍለጋ ክፍላችን ገባን። በ6ኛው ሳምንት ደግሞ ለውጥ መታየት ስላለበት፣ ልጁ በኅዳር ታምሞ በታኅሣሥ መዳን ይጠበቅበታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአገራችን የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ፕራክቲከምን፣ ማለትም በክፍል ውስጥ የሚደረግ የማስተማር ልምምድን፣ እና ተግባራዊ ምርምርን ወደ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስገባ፣ መምህሩ ለክፍሉ ችግር ሌላ አዋቂ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ራሱ እንዲመረምር ታስቦ ነው። ይህን ሐሳብ እደግፈዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ «የክፍሉ ችግር» የሚለው ቃል እጃችን ላይ ሲደርስ «የልጁ ችግር» ሆኖ መገኘቱ ነው። የክፍሉ ችግር እኮ እኔም ልሆን እችላለሁ፤ የጭቃው ማነስም ሊሆን ይችላል።

ስለ ሕፃናት የጻፉ ታላላቆችም ልጆችን እያዩ ነው የጻፉት። ፒያዤ ገና በጨቅላነታቸው ከመዘገባቸው ልጆች መካከል የራሱ ሦስት ልጆች ዣክሊን፣ ሉሲየንና ሎራን ይገኙበታል፤ የሕፃንነት ሥራቸው እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይነበባል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስዎርዝ ደግሞ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ 26 ቤተሰቦችን በየቤታቸው ለወራት እየተመላለሰች አይታለች። ሕፃን እናቱን መነሻ አድርጎ አካባቢውን ሊያስስ ሄዶ፣ ሲፈራ ወደ እርሷ እንደሚመለስ የጻፈችው በእነዚያ ሳሎኖች ውስጥ ቁጭ ብላ ካየችው ነው። ይህን ስማር በጣም የገረመኝ ትዕግሥቷ ነው። እኔ በ15 ደቂቃ ሦስት ፍርድ ሰጥቼ ነበር።

በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀውንና ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ለፈተና አጥንቼዋለሁ። አንቀጽ 12 የራሱን ሐሳብ መመሥረት የሚችል ልጅ እርሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል፤ በቃሌ ይዤው ነበር። ደብተሬ ላይ ከተጻፈው የበለጠ ያቺን ልጅ የሚመለከት ምን ጉዳይ ነበር? «አንብቢልኝ» ስትል አንቀጹን እየጠየቀችኝ ነበር፤ እኔ ግን በፈተና ወረቀት ላይ እንጂ በክፍሌ ውስጥ አላወቅኩትም።

መወጣጫው

ረቡዕ ጠዋት ቦርሳዋን ሳትሰቅል «ዛሬ ታነቢልኛለሽ?» አለችኝ። አልረሳችም። እኔም ሌሊቱን ስጽፍ ነበርና ተዘጋጅቻለሁ። ያን ገጽ ትቼ፣ አዲሱን ገጽ በመካከሉ ባሰመርኩት መስመር ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ በግራ ያየሁት፣ በቀኝ ያሰብኩት። ይህን አሠራር መምህራችን አስተምሮን ነበር፤ እኔ ጊዜ ይቆጥብልኛል ብዬ ነው የተውኩት። የግራው እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት ከ5። ጭቃውን በሁለት እጇ አድቦለቦለች። የ‹በ›ን አንድ እግር ሠራች። ሁለተኛውን ሳትሠራ ተነሳች። መስኮቱ አጠገብ ለ6 ደቂቃ ቆመች።» የቀኙን ባዶ ተውኩት።

በመክሰስ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጬ አነበብኩላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። «ሁለተኛውን ሳትሠራ ተነሳች» ስል ቀና ብላ አቋረጠችኝ፤ «ጭቃው አልቆብኝ ነው።»

ያን ዕለት ጭቃውን ያከፋፈልኩት እኔ ነበርኩ። «የጀመረችውን አትጨርስም» ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነበርኩ።

«መስኮቱ ጋስ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» አልኳት።

«ሰውዬውን እያየሁት ነው።»

«የቱን ሰውዬ?»

እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከግቢያችን አጥር ማዶ አራት ፎቅ የደረሰ ጅምር ሕንፃ አለ። ጣሪያው ላይ አባ ኮዳዎች ስለሚያርፉ እስከዚያ ቀን ድረስ ልጅቷ የምታየው ወፎቹን ይመስለኝ ነበር። እርሷ የምታየው ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫው ጫፍ ቆሞ አጣና በሽቦ የሚያስር አንድ ሠራተኛ ነው። «እንዳይወድቅ ነው የማየው» አለችኝ። ስትጠራ የማትመጣው ለዚህ ነው፤ ዓይኗን ካነሳች ይወድቃል ብላ።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል። ሰውን በዓይን ብቻ ከመውደቅ ማዳን ይቻላል ማለቷ ጥሬው ነው። አንድ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን አይታ የጨዋታ ሰዓቷን ትታ መጠበቋን ግን ጥሬ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። እኔ ከመስከረም ጀምሮ በዚያ መስኮት አጠገብ በቀን ሃያ ጊዜ ሳልፍ ሰውዬውን አንድም ቀን አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ «ትንሽ ላናግርሽ ነበር» አልኳት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ፤ «ቲቸር፣ ምን አጠፋች?» አለችኝ። ወላጅ ስንጠራ የምንጠራው ለጥፋት ብቻ መሆኑን በዚያች ጥያቄ አየሁ። ምንም አለማጥፋቷን ነግሬ የሰውዬውን ነገር ሳጫውታት ሳቀች፤ «አባቷ እኮ ግንበኛ ነው፤ አሁን ሻሸመኔ ነው የሚሠራው» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ሳምንት በፊት፣ ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ተምረን ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 30 ልጆች 21 የእንጨት ቁርጥራጮችን ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ አስተማሪዋ እንዴት እንደምታግዛቸው ተከታትለው፣ ያን እገዛ በግንባታ መወጣጫ መሰሉት። ለፈተና ትርጉሙን ከነዓመተ ምሕረቱ አጥንቼዋለሁ። መወጣጫን በትክክል ያየሁት ግን ያቺ ልጅ እጄን ይዛ መስኮቱ ጋ ባቆመችኝ ጊዜ ነው። ሰውዬው አዲሱን አጣና ከማሰሩ በፊት ግንቡ የት እንደደረሰ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ በእጁም ይነካዋል። ከደረሰበት ሳይነሳ አንድም እንጨት አያስርም። እኔ ልጅቷ የት እንደደረሰች ሳላይ ነበር መፍትሔ ላስርላት የተሰለፍኩት።

ቀይ ክብ

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የጻፍኩትን ሁሉ በየጊዜው አነበብኩላት። አንዳንዱን አረመችው፤ አንዳንዱን ሰምታ ዝም አለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ «ይሄንን አትጻፊው» አለችኝና ሰረዝኩት። ምን እንደነበር እዚህም አልጽፈውም። ወረቀቱን ሳዘጋጅ ስሟን አወጣሁ። «የታየ ችግር» በሚለው ቦታ «ምልከታው ከማየት በፊት ፍርድ የቀደመበት ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ «ውጤት» በሚለው ደግሞ እኔ በአጻጻፌ ላይ ያደረግኩትን ለውጥ አሰፈርኩ።

ከ20 ያገኘሁት 14 ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ 18 አገኘች። አላዘንኩም ብል እዋሻለሁ፤ ለአንዲት ነጥብ እንቅልፍ ላጣሁ ሰው 14 ያማል። መምህራችን ቅን ሰው ነው። ከክፍል በኋላ አስቀርቶኝ ሥራውን እንደወደደው፣ ነገር ግን ቅጹ የሚጠይቀውን ባለማሟላቴ ነጥብ መቀነስ እንደነበረበት ነገረኝ። ጉዳዩን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለክፍሉ እንዳቀርበው ጠየቀኝ፤ አቀረብኩት። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል የምታስተምር አንዲት እህት ተነስታ «እኔ 60 ልጅ አለኝ፤ ለየትኛው ነው ቁጭ ብዬ የማነበው?» አለች። ትክክል ናት። እኔም ለ34ቱ አላደረስኩም። አሁን በሳምንት ለሁለት ልጆች አነባለሁ፤ ከእንቅልፍ ሰዓታቸው በፊት፣ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው። የሃንድአውት ማንበቢያዬ ከ40 ደቂቃ ወደ 30 ወርዷል። ማታ ደግሞ የልጄን ደብተር ከመተኛቱ በፊት አያለሁ፤ አሳይመንቱ ከእርሱ በኋላ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ዘግይቼ አስረክቤአለሁ።

መምህሬ ወረቀቴ ላይ ብዙ አልጻፈበትም። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ከቦ አጠገቧ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። ዓረፍተ ነገሯ «በመስኮት አየሁት» የምትል ናት። በሌላው ሁሉ ኮምፒውተር ጽሑፍ መካከል እርሷ ብቻ በእርሳስ የተጻፈች፣ ከላይዋም ከታችዋም ካለው ጋር የማትገናኝ ናት። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያን ቀን ግን በአግባቡ አላስረዳሁትም።

የሆነው እንዲህ ነው። ወረቀቱን ከማስረከቤ በፊት ባለው ዓርብ፣ ሙሉውን አትሜ ለልጅቷ ይዤላት ሄድኩ። ረጅም ስለነበረ ያነበብኩላት የእርሷን ክፍሎች ብቻ ነው። ስጨርስ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠቻቸውና «‹በ› አለው?» አለችኝ። ብዙ «በ» እንዳለው አሳየኋት፤ እዚህም፣ እዚያም። አልበቃትም። «የእኔን ጻፊ» አለች። ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠየቅኳት። ወደ መስኮቱ ዞራ ትንሽ አሰበችና እኔ በእርሳስ እስክደርስባት በየፊደሉ እየቆመች «በ… መ… ስ… ኮ… ት… አ… የ… ሁ… ት» አለችኝ። ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አሳረፈች።

«አለ» አለች።